ሸማ ሲሰቀል፤ «ቦታው ገበያ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በሽመናና በባህል ጉዳይ የምንገናኝ ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የተነሣው በከተማችን የሸማና የሌሎች የእጅ ሥራዎች ዐውደ ርዕይ ይዘጋጅ፣ ከዐውደ ርዕዩም ጋር ሸማኔዎች፣ ፈታዮችና በክር የሚሠሩ ሰዓሊዎች ለሕዝብ የሚናገሩበት መድረክ ይኑር የሚለውን ሐሳብ ለመቃወም ነው። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ሸማ የሚለበስ እንጂ የሚሰቀል አይደለም፤ ቦታውም ገበያ ነው። ስለ ሽመና የሚደረገው ንግግር እግራቸውን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው የማያውቁ ሰዎች ወሬ ነው። በክርና በሽቦ «ዘመናዊ ጥበብ» እንሠራለን የሚሉት የአባቶችን ሙያ ያበላሻሉ። ለዐውደ ርዕይ የሚወጣው ገንዘብ ክር ቢገዛበት ይሻላል። በመጨረሻም፣ ወሎ የመንዙማና የዜማ አገር እንጂ የሽመና አገር ስላልሆነ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ጽሑፉ ለሸማኔው ከመቆርቆር የመጣ መሆኑ ከየአንቀጹ ይታወቃል። ስድብ የለበትም፣ ሐሜትም የለበትም፤ ስለዚህ ምላሹም በዚያው ልክ ሊሆን ይገባዋል። እኔ ሰዓሊ አይደለሁም፣ የሙዚየም ሙያም የለኝም። ደሴ ላይ የአገር ልብስ ከሸማኔ እየተረከብኩ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ጸሐፊው የሸማ ትክክለኛ ቦታ ብለው የጠቆሙት እንግዲህ የእኔን መደርደሪያ ነው። በዚህ ብኮራ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን መደርደሪያው የሚችለውንና የማይችለውን አብጥሬ አውቀዋለሁ።

በበዓል ዋዜማ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ሱቄ ይመጣሉ እንበል። ሁለት ቀሚስ አወጣላቸዋለሁ። የአንደኛው ጥለት ሸማኔው እያንዳንዱን ባለ ቀለም ክር በጣቱ እየለቀመ ከማጉ፣ ማለትም ከአግድሙ ክር፣ ጋር ያስገባው ነው። ሁለተኛው ጥለቱ በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ የመጣ፣ የሸማን መልክ የሚያስመስል ጨርቅ ነው። ሁለት እርምጃ ርቆ ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም፤ እንዲያውም የታተመው ይደምቃል። እናትየው ዋጋውን ይጠይቃሉ፣ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያም ሁልጊዜ የምሰማውን ቃል እሰማለሁ፦ «እታለም፣ ያው አይደለም እንዴ?» ያው አለመሆኑን ለማሳየት ሁለቱንም እገለብጣቸዋለሁ። የታተመው ጀርባው ገርጥቶ፣ ሊነጣ ምንም አልቀረውም። በእጅ የተሠራው ግን ክሩ የሄደበት፣ የተሻገረበትና የተመለሰበት ቦታ ሁሉ ከጀርባው ይነበባል። እናትየው በጣታቸው ዳስሰው «ለካ እንዲህ ነው» ይላሉ። ልጅቱ በዚህ መሐል የታተመውን ለብሳ መስተዋት ፊት ቆማለች፤ በሩ ላይም ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ነው። ለመጣ ሰው ሁሉ ሸማ እየገለበጡ ማስተማር ለአንድ ሱቅ አይቻልም።

ጸሐፊው የሚተማመኑበት ገበያ ይህ ነው። ሸማኔው ሳምንታት የፈጀበትን ሥራ ማሽን በደቂቃ ካተመው ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ገዢው በዐይኑ ብቻ እንዲፈርድ ይተወዋል። ከማውቃቸው ሸማኔዎች አንዳንዶቹ ሙያውን ትተው ወደ ቀን ሥራ የገቡት የአገር ልብስ የሚለብስ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ለባሹማ በዝቷል። ሥራቸው ከአስመሳዩ ጋር በአንድ ዋጋ ስለተመዘነ ነው። ዐውደ ርዕይ ላይ ግን ጊዜ አለ። ሸማው ጀርባውም እንዲታይ ሆኖ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ስንት ቀን እንደወሰደ ይጻፋል፤ አጠገቡ ደጋኑ፣ ባዘቶው፣ እንዝርቱና ልቃቂቱ ተደርድረው ጥጡ በምን በምን እንዳለፈ ያሳያሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ተከራይተን፣ ሦስት ሸማኔዎችና ሁለት ፈታዮች የተገኙበት የሦስት ቀን ማሳያ አዘጋጅተን ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ወደ ሱቄ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ቀሚሱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ለሻጭ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አስቸጋሪ ነው፤ ለሸማኔው ግን ከዚህ የተሻለ ደንበኛ አላውቅም።

«ሸማ ሲሰቀል ነፍሱ ይወጣል» የሚለው አባባላቸው ግን ከገበያም በላይ የሚሄድ ጉዳይ አለበት። በአገራችን ገና ከመጀመሪያው እንዲሰቀል ተብሎ የተሠራ ጨርቅ አለ። የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሌላ ምንድን ነው? ከመጋረጃዎቹም ሁሉ የሚበልጡት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር ከሐር የተሠሩት ናቸው። አንደኛው ዛሬ ሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ቁመታቸው 5 ሜትር ያህል ነው። የተሠሩትም እኛ በምናውቀው የጉድጓድ ሽመና ሳይሆን፣ ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ የተበሱ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ቀዳዳ እያሳለፉ፣ ሰሌዳዎቹን ዙር በዙር በማገላበጥ ነው። በዚህ ዘዴ ቀበቶና ጥብጣብ መሥራት በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ የሰው ምስል ያለበት ቤት የሚያህል መጋረጃ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። በሎንዶኑ መጋረጃ ላይ የሚታዩት ምስሎች የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ እንደሆኑ ያጠኑት ሰዎች ያምናሉ።

ይህ መጋረጃ ከኢትዮጵያ የወጣው ከየት ነው? ከመቅደላ ነው፤ ከወሎ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር ያሰባሰቡትን የቤተ ክርስቲያን ዕቃና መጽሐፍ ወደ አምባው አምጥተውት ነበር። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ሁሉንም ዘረፈው። የዘረፋውን ዕቃ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ እንደነበር የዘመቻው ታሪክ ይናገራል። ከዚያስ ምን ሆነ? ዕቃው ደላንታ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። የጸሐፊው ሐሳብ በዚያ ሜዳ ላይ ቃል በቃል ተፈጽሟል ማለት ነው፤ ሸማውም ሐሩም ገበያ ወጣ። ከገዢዎቹም አንዱ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። እርሱ የሚገዛው ለመልበስ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው የንጉሡ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደሆነ የሚታመነው የጥጥ ቀሚስ ደግሞ፣ ዘመቻው 150 ዓመት በሞላው በ2010 ዓ.ም. ሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። የለንደን ሕፃን በትምህርት ቤት ጉብኝት ያየውን መቅደላ አጠገብ ያለው የተንታ ሕፃን አላየውም። ጸሐፊው «ሸማ አይሰቀልም» ሲሉ የሚከለከለው እንግዲህ ማን እንደሆነ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ «ጥለቱን ራሱን ጥበብ ብለን እንጠራው የለ?» የሚል መልስ ሁሉም ያመጣል። እኔ በማስረጃነት አላቀርበውም። ቃሉ ደስ ይላል፣ ነገር ግን በቃል ብቻ ክርክር አይረታም።

ንግግሩን በሚመለከተው ነጥባቸው ከግማሽ በላይ እስማማለሁ፤ ምክንያቱም ደርሶብኛል። ስሙን ልጠራው በማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት ዝግጅት ላይ ከእኔ ሱቅ የተወሰደ ኩታ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «የወሎ ባህላዊ ልብስ» ይላል፤ የሠራው ሰው ስም የለም። ኩታውን የሠሩት አዛውንት ሥራቸውን ለማየት ከሐይቅ ከተማ በኩል ተነሥተው መጥተው በር ላይ የጥሪ ካርድ ተጠየቁ። እኔ ደርሼ እስካስገባቸው ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። ገብተን ስንቀመጥ መድረኩ ላይ ያሉት ተናጋሪ ስለ ሸማኔው ኅብረተሰብ ችግርና መፍትሔ ያትታሉ፤ ሸማኔው ደግሞ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን ተከናንበው ስለ ራሳቸው ይሰማሉ። ጸሐፊው የተቆጡት ይህን በመሰለ ነገር ከሆነ ቁጣቸው ልክ ነው።

ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ልክ አይደለም። «ሸማኔ በእጁ እንጂ በአፉ አይናገርም» ብለዋል። ሸማኔው ዝም ያለው በተፈጥሮው ሳይሆን ዝም እንዲል ስለተደረገ ነው። ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚፍቀውን ፋቂ እያሉ መስደብ በአገሩ የተለመደ ስለነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡም ቢያንስ በአደባባይ ቀርቷል። ዝምታው ግን አልቀረም። ሙያውን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ «እስቲ እንዴት እንደምትሠራው ንገረን» ብሎ የጠየቀው ሰው በሕይወቱ ስንት ነው?

እኛ ባዘጋጀነው ማሳያ ላይ የሆነውን ልናገር። ያው ከሐይቅ የመጡት አዛውንት ድምፅ ማጉያ ሲሰጣቸው አልተቀበሉም። «ሥራው ካለ እናገራለሁ፣ ባዶ እጄን ምን ልበል?» አሉ። የአዳራሽ ወለል አይቆፈርም፤ ስለዚህ መሸመኛውን በሳንቃ ከፍ አድርገን ለእግራቸው መውረጃ አበጀን። ድሩን ወጠሩ፣ ቀሰሙን መወርወሪያው ውስጥ ከተቱ፣ መርገጫውን በእግራቸው ጣት ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ በኋላ መናገር ጀመሩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉም አላቆሙም። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው አምስት ክር ዘሎ ሦስት ያነሣል፣ እንደገና አምስት ዘሎ ሦስት ያነሣል፤ ማዕዘኑን ሲያዞሩ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ወረቀት የለ፣ ሥዕል የለ። ከተመልካቾቹ አንዱ «እንዴት ነው የማይጠፋብዎ?» ብሎ ጠየቀ። «ወላሂ፣ ሳወራ ነው የሚጠፋብኝ፤ ሳዜም አይጠፋም» አሉና በጉሮሯቸው አንድ መንዙማ ያዙ። እጃቸው ከዜማው ጋር ሄደ። እኔ ከዚህ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ አላወጣም፤ የአንድ ሰው ልማድ ሊሆን ይችላል። ወሎ የመንዙማ አገር እንጂ የሽመና አገር አይደለም ለሚለው አነጋገር ግን ጥሩ ጥያቄ ያነሣል።

በማግስቱ የፈታዮቹ ተራ ነበር። ከኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚማር አንድ ወጣት የክሩን ክረት በመሣሪያ እንዴት እንደሚለኩ፣ በአንድ ሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደሚቆጠር አስረዳ። ከፈታዮቹ አንዷ እናት አዳምጠውት ሲያበቁ ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አንከባለሉትና «ይኼ ለድር ይሆናል እንጂ ለማግ አይሆንም፤ ከርሯል፣ የከረረ ማግ ገላ ይቧጭራል» አሉ። ልጁ ለካው። ለድር የሚሆን ክር የበለጠ መክረር እንዳለበት፣ ማግ ደግሞ ላላ ሲል ጨርቁ እንደሚለሰልስ በትምህርቱ የሚያውቀው ነበር፤ በጣት እንደሚታወቅ ግን አላወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የቀረነውን ሰዎች ረስተው ለብዙ ጊዜ ተነጋገሩ። ጸሐፊው ይህንን ወሬ ካሉት ወሬ ይባል። እኔ ግን ፋብሪካውና እንዝርቱ በአንድ ከተማ ዙሪያ እየኖሩ እንዲህ ሲነጋገሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው የዘመኑን ሰዓሊዎች ይመለከታል። የአባቶች ሙያ እንደነበረ ይቆይ፣ በሽቦና በቆርቆሮ የሚጫወቱት ወደዚያ ይሂዱ ነው የሚሉት። «እንደነበረ» የሚለውን ቃል ግን ከራሱ ከሸማው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ዛሬ እኔ የምሸጠው ነጠላ አብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። በጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ሳባ ከሱቅ የሚገዛ ክር ነው። ድሮም ቢሆን ባለ ቀለም ክር በአገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለሸማው ጠርዝ ይውል ነበር። አባቶች የሰው አገር ጨርቅ ፈትተው የራሳቸውን ጥለት ሠሩበት፤ ማንም የአባቶቻችሁን ሙያ አበላሻችሁ አላላቸውም።

ሰዓሊዎቹም ቢሆኑ ከሙያው ርቀው የቆሙ አይደሉም። ኤልያስ ስሜ ሥራውን በመርፌና በክር፣ በቁልፍና በአሮጌ ጨርቅ ሲሠራ ቆይቶ ነው ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ የወጣ ባለ ቀለም ሽቦ እየጎነጎነ ወደሚሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች የተሻገረው። ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በጭቃና በጭድ ግንብ የአገር ቤት ሙያ ምን እንደሚችል እያሳየ ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይ ኬንቴ የተባለውን የአገሩን ባህላዊ ጨርቅ የሚሠራ ሸማኔ ልጅ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን ቀጥቅጦ በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ኩታ የሚተጣጠፍ፣ ግድግዳ ሙሉ የሚያለብስ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ቢየናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርዕይ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። የእርሱ ዝና ኬንቴን አላጠፋውም። የኬንቴ ሽመና እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ሸማኔዎቹ ያው ሸማኔ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአሜሪካው ይመስለኛል። በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል፣ ወንዝ ከሦስት በኩል በከበባት መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች፣ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የጥጥ እርሻ ላይ የሠሩ፣ ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱና እየገጣጠሙ ለልጆቻቸው የብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ድሪቶ ነው። ድሪቶ ብለን የምንንቀው ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በአገሪቱ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ሰፊዎቹ አሮጊቶች በየከተማው እየተጋበዙ፣ ይህ ሰማያዊ የባለቤቴ የእርሻ ሱሪ ነበር እያሉ ለሕዝብ ተናገሩ። ጸሐፊው ይሞታል ያሉት ነገር እዚያ ሲሰቀል ባለቤቱና ታሪኩ ታወቁ።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም፤ ለጸሐፊው ወገን የሚያደላውን ክፍል ብደብቀው ትክክል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሰፊዎቹ ጥቂቶቹ ከሥራቸው ሽያጭና ከምስሉ መብት የሚገባንን አላገኘንም ብለው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጭቷል። ስለዚህ እኔ የምለው ዐውደ ርዕይ ይኑር ብቻ አይደለም። የሠሪው ስም ከሥራው ሥር ይጻፍ። ሥራው ከተሸጠ ሠሪው ስንት እንደሚያገኝ ከመሰቀሉ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። ፎቶው ለካላንደር ወይም ለማስታወቂያ ቢፈለግ ይጠየቅ። ሸማኔው ለሚናገርበት ቀን የቀን ገቢው ይከፈለው፤ መወርወሪያውን አስቀምጦ የመጣ ሰው ያን ቀን ቤቱ የሚገባው ነገር የለምና። እንግዳ ተናጋሪ ከሩቅ መጥቶ አበል ሲቀበል ሸማኔው ሻይ ጠጥቶ የሚሸኝበት ዝግጅት ከሆነ እኔም ከጸሐፊው ጋር እቃወመዋለሁ።

ገንዘቡ ክር ይገዛበት ስለሚለው ብዙ አልልም። ክር ይገዛ፤ ክር የሚጠላ ነጋዴ የለም። ነገር ግን ለሸማኔ ማኅበራት ክርም፣ የመሥሪያ ቦታም ሲሰጥ አይተናል። የተሰጠው ክር ሸማ ሆኖ እኔ መደርደሪያ ላይ መጥቶ ከታተመው ጨርቅ ጋር ሲፎካከር ደግሞ ከላይ የተናገርኩት ይደርስበታል። ያ የሦስት ቀን ዝግጅታችን የፈጀው የአዳራሽ ኪራይ፣ ጥቂት ሳንቃና ሚስማር፣ ለአምስት ሰው የቀን ክፍያ ነው። የአንድ ስብሰባ የምሳ ግብዣ ከዚያ ይበልጣል።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ወሎ የሚያሳየው ነገር የለውም የሚለው፣ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ አስገርሞኛል። ዶርዜ የሽመና ስም አለው፣ ጎንደርም አለው፤ ማንም አይክድም። ግን የወሎ ደጋ የበግ ፀጉር ፈትሎ ባናና ዝተት የሚሠራ አገር ነው። ጠዋት በውርጭ ከቤቱ የወጣ የደላንታ ገበሬ ትከሻው ላይ ያለውን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ቆላው ደግሞ ጥጡን ያውቃል። ባቲ ላይ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኙ የሦስቱም አለባበስ፣ የሦስቱም ጥለትና ዶቃ በአንድ ሜዳ ላይ ይታያል፤ ከዚህ የተሻለ ዐውደ ርዕይ አዳራሽ ውስጥም አይዘጋጅ ይሆናል። ሴቶቻችን ስንደዶና አክርማ በአለላ እያዥጎረጎሩ የሚሰፉት አገልግል፣ ሙዳይና መሶብ ከሸማው ጥለት ጋር በቀለም ምርጫ ይተዋወቃሉ፤ ማን ከማን እንደወሰደ የሚያጠና ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ኮምቦልቻ ላይ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሯል። ከእንዝርት እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ በአንድ የመኪና ጉዞ የሚታይበት አገር ላይ ቆሞ የሚታይ የለም ማለት እንዴት ይቻላል? ዜማችንም ቢሆን ለሸማው ተቀናቃኝ አይደለም። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው መላው አገር የሚያውቃቸው የዘፈኑት ሰዎች መድረክ ስላገኙ ነው። ዘፋኙን ወደ መድረክ አውጥተን ሸማኔውን ጉድጓዱ ውስጥ የተውነው እኛ ነን።

በዚህ ላይ ጸሐፊው፣ ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ዳቦ ሲፈልግ ዐውደ ርዕይ ቅንጦት ነው ብለዋል። በ2014 ዓ.ም. እኔም ሱቄን ከፍቼ ባዶ ግድግዳ አግኝቻለሁ፤ ስለ ዳቦው አልከራከርም። ያኔ ግን የደሴ ሙዚየምም ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ ያለ ስምና ያለ ፎቶ የተቀመጠ ነገር ሲጠፋ ፈልጉልን ለማለት እንኳ እንደማይቻል ተረድቻለሁ። አንድ ኩታ ተሰቅሎ፣ የሠሪው ስምና አሠራሩ ተጽፎ፣ ፎቶው ተነሥቶ ከሆነ ቢጠፋም ምን እንደጠፋ ይታወቃል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት «ለመሆኑ ሸማኔው ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢያይ ምን ይማርበታል?» ብለው በመጠየቅ ነው። እንዳይመለስ የተጠየቀ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን በዐይኔ አይቻለሁ። በዚያው በሦስት ቀኑ ዝግጅት የሐይቁ አዛውንት ኩታ ከጣራው አግዳሚ ላይ ወርዶ ተሰቅሎ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሲገቡ በሩ ላይ ቆሙ፤ ለረጅም ጊዜም ከዚያ አልተንቀሳቀሱም። ከፍቷቸው እንደሆነ ብዬ ተጠጋኋቸው። «እታለም፣ ቢጫው ጠፋ እኮ» አሉኝ። ጉድጓዳቸው ውስጥ ሲሠሩ ዐይናቸው ከጥለቱ የአንድ ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም፤ ሥራው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም አጥፌ እደረድረዋለሁ። በስንት ዓመት ሥራቸው አንድ ኩታ ተዘርግቶ ከዐሥር እርምጃ ርቀው አይተው አያውቁም ነበር። ከዚያ ርቀት ቢጫው ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ እውነትም አይታይም።

ከወር በኋላ አዲስ ኩታ ይዘው መጡ። ቢጫው በሁለት ቀጫጭን ጥቁር አረንጓዴ መስመሮች መሐል ገብቶ፣ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ ሳየው ጎልቶ ይታያል። ዋጋውንም ጨምረውብኛል። ለመከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩትና ከፈልኩ።